ቅዳሜን በሳንዲጌት

አርብ

ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ሼፊልድ በባቡር ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። አርብ ከሥራ እንደወጣሁ ተሳፈርኩ። ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለ አንድ የፈተና ውጤት እስከ ሌስተር ድረስ ተከራከሩ። እኔ ስልኬ ላይ የነገውን አየር አያለሁ። ዝናብ ከበረታ ትናንሽ ሜዳዎች ውሃ ይቋጥራሉ፤ ዳኛው ጠዋት መጥቶ ያይና ጨዋታውን ሊሰርዘው ይችላል። ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ግን አልዘነበም።

የምሄደው የማንም ደጋፊ ሳልሆን ኳስ ለማየት ነው። እዚህ አገር ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ረግጦት የማያውቀውን አንድ ትንሽ ሜዳ ይመርጣል፤ በባቡርና በአውቶቡስ ይደርሳል፤ ሻዩን ይዞ ጨዋታውን ያያል፤ ማታ ይመለሳል። አንዳንዱ ያየውን ሜዳ ሁሉ በደብተር ይመዘግባል። እኔ መዝገብ የለኝም። ልማዱ ግን ከያዘኝ ቆየ። ትልልቆቹን ስታዲየሞች አይቻለሁ፤ ደስ ይላሉ። ኳሱን በደንብ የሰማሁት ግን በትንንሾቹ ሜዳዎች ነው።

ሼፊልድን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት የእግር ኳስ ክለቦች ሁሉ ቀድሞ የተመሠረተው ሼፊልድ ኤፍሲ ነው። የከተማው ትልልቅ ክለቦች ዩናይትድም አይደለም፣ ዌንስዴይም አይደለም። ናታኒየል ክሬስዊክና ዊሊያም ፕሬስት የተባሉ ጓደኛሞች በፈረንጆቹ አቆጣጠር በጥቅምት 1857 ያቋቋሙት ትንሽ ክለብ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1860፣ እዚያው ከተማ ሃላም ኤፍሲ ተመሠረተ። የሃላም ሜዳ ሳንዲጌት ይባላል። በጊነስ መዝገብ የዓለም አንጋፋው የእግር ኳስ ሜዳ ተብሎ የተመዘገበው እሱ ነው። የነገው ጨዋታ እዚያ ነው።

ያደርኩት አብሮ አደጌ ቤት ነው። ሆስፒታል ይሠራል፤ ሼፊልድ ከገባ ቆይቷል። ሽሮው እየተንተከተከ ጠበቀኝ። እጄን ሳልታጠብ ጥያቄ ጀመረ።

«ነገ ማነው የሚጫወተው? ዩናይትድ ነው ዌንስዴይ?»

«ሃላም።»

«ሃላም ዩኒቨርሲቲ?»

«ኧረ ክለብ ነው! እዚሁ ክሮስፑል፣ ተራራው ላይ።»

ዝም ብሎ አየኝ። «እዚህ ስኖር ስንት ዓመቴ! አንድ ቀን እንኳን ሰምቼ አላውቅም።» ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። «የአርሴናልስ ጨዋታ?»

የአርሴናል ጨዋታም ነገ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ከ45 እስከ 11 ሰዓት ከ15 ድረስ ምንም ጨዋታ በቀጥታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። ሕጉ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። የተሠራው ለትናንሽ ክለቦች ተብሎ ነው። ትልቁ ጨዋታ በቴሌቪዥን ከታየ ሰው ቤቱ ይቀራል፤ የታችኛው ሊግ ሜዳ ባዶ ይሆናል፤ በበር ገንዘብ የሚኖረው ክለብም ይሞታል የሚል ስጋት ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት የተቀመጠ ሰው ጨዋታውን ያያል። እንግሊዝ ያለው አያይም። የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም ሁሌ ከአዲስ አበባ ጎሉን በስልክ ይጽፍለታል።

«እንግዲህ ካልታየ ምን እሠራለሁ፣ አብሬህ እሄዳለሁ» አለ። ስምንት ዓመት የሆነው ልጁም እሄዳለሁ ብሎ ጮኸ።

ቅዳሜ

ጠዋት ብቻዬን ብራሞል ሌን ድረስ ሄድኩ። የሼፊልድ ዩናይትድ ሜዳ ነው። በ1855 ለክሪኬት የተከፈተ ነው። በጥቅምት 1878 በኤሌክትሪክ መብራት ማታ ኳስ የተጫወቱት እዚህ ነው፤ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። አካባቢው ጸጥ ብሏል። ዞሬው ተመለስኩ።

ከመሀል ከተማ ወደ ክሮስፑል የሚወጣው አውቶቡስ ዳገቱን ይይዛል። ሼፊልድ ኮረብታ የበዛበት ከተማ ነው። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ታክሲ ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ሞተሩ ያቃስታል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ከተማው ከኋላ ወደ ታች ይዘረጋል። ልጁ ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ነበር።

ከአውቶቡስ ወርደን ትንሽ እንደሄድን የድንጋይ አጥር አየን። ከአጥሩ በላይ የመብራት ምሰሶዎች። መኖሪያ ቤቶች ዙሪያውን ከበውታል። የማያውቅ ሰው የትምህርት ቤት ሜዳ ነው ብሎ ያልፈዋል።

በሩ ላይ ከፊታችን ሰልፍ አለ። ረጅም ሰልፍ! ይህን አልጠበቅኩም። አባት ከነልጆቹ፣ ሽማግሌዎች፣ ቡና የያዙ ወጣት ሴቶች፣ ውሻ የያዘ ሰው። ሃላም እኔ በሄድኩበት ወቅት ዘጠነኛው እርከን ላይ ነበር። ፕሪሚየር ሊጉን አንድ ብለህ ብትቆጥር ስምንት ደረጃ ከታች ማለት ነው። ግን እርከኖቹ የተያያዙ ናቸው። እያሸነፍክ ከወጣህ መንገዱ እስከ ላይ ክፍት ነው። መግቢያው ከአስር ፓውንድ በታች ነው። ትኬት ቆራጩ አዛውንት የልጁን ጭንቅላት ዳበስ አደረጉና «አንተ በነጻ ግባ፣ አባትህ ይክፈል» አሉት። ክለቡ ውስጥ በር ላይ የሚቆመው፣ ሻይ የሚቀዳው፣ ኳስ የሚያቀብለው ሁሉ ያለ ደመወዝ ነው። ብዙዎቹ ሰማያዊና ነጭ ሻርፕ አድርገዋል። የክለቡ ቀለም ነው።

ገብተን ሜዳውን አየሁት። መጀመሪያ የምታየው ተዳፋቱን ነው። ለጥ ያለ ሜዳ አይደለም፤ በዓይን የሚታይ ዝንባሌ አለው። ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ አንዱ ኳስ አቁሞ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ኳሷ በራሷ መንከባለል ጀመረች። ልጁ ሳቀ። ተጫዋቹም ሰምቶት ዞር ብሎ ሳቀ። በእሱና በእኛ መሀል ያለው አንድ የብረት አጥር ብቻ ነው፤ ክንዳችንን ተደግፈንበታል።

እዚህ ቦታ ከ1804 ጀምሮ ክሪኬት ይጫወቱ ነበር። በታኅሣሥ 26 ቀን 1860፣ በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ ሃላምና ሼፊልድ እዚሁ ተገናኙ። ክለብ ከክለብ ጋር ያደረገው የመጀመሪያው የእግር ኳስ ግጥሚያ ይባላል። ሼፊልድ 2 ለ 0 አሸነፈ። ከ160 ዓመት በላይ ሆነው። ሁለቱም ክለቦች አሉ። ሜዳውም አለ። እኔ ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ስታዲየም ሲሸጥና ሲፈርስ፣ ክለብ ስሙን ሲቀይር ብዙ አይተናል። ይህን ሣር በየዘመኑ አንድ ሰው አለሁ ብሎ ጠብቆታል።

በ1867 ደግሞ ቶማስ ዩዳን የተባለ የቴአትር ቤት ባለቤት ዋንጫ አዘጋጀ። የሼፊልድ 12 ክለቦች ተወዳደሩ። ፍጻሜው ብራሞል ሌን ላይ ሆነ፤ ሃላም ኖርፎክ የተባለውን ክለብ አሸነፈ። ያሸነፈው ግን በጎል አይደለም። በዚያ ዘመን ግቡ ጠባብ ነበር። ከግቡ ግራና ቀኝ ሌላ ምሰሶ ይተከላል። ኳሱ በምሰሶዎቹ መሀል ካለፈና አጥቂው ቀድሞ ከነካው «ሩዥ» ይባላል፤ ጎሉ እኩል ከሆነ በሩዥ ይለያል። ሃላም 2 ሩዥ አስቆጠረ፤ ኖርፎክ ምንም። ዋንጫው ከዚያ ጠፋ። ከመቶ ዓመት በላይ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቆይቶ በ1997 አንድ የስኮትላንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እጅ ተገኘ። ክለቡም በ2,000 ፓውንድ ገዝቶ መለሰው። በዓለም የመጀመሪያው የእግር ኳስ ውድድር ዋንጫ ነው። ይህን ታሪክ አጥሩ ላይ አጠገባችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ ለጓደኛዬ ሲተርኩለት ሰማሁ። እሱም አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። ትናንት «ሃላም ዩኒቨርሲቲ?» ያለኝ ሰው ነው።

9 ሰዓት ላይ ተጀመረ። እንግዳው ቡድን ከዚያው ከዮርክሻየር የመጣ ነው። ደጋፊዎቹ ትንሽ ናቸው፣ ግን ከበሮ ይዘዋል።

ቴሌቪዥን ላይ የማይሰማው ነገር ድምፁ ነው። የጫማ ጥርስ ሣሩን ሲቧጥጥ ይሰማል። ኳሷ ስትመታ ድው ስትል ይሰማል። ተከላካዩ አጠገቡ ላለው ልጅ «ሰው አለብህ! ሰው አለብህ!» ይለዋል፤ አሰልጣኙ የተጫዋቹን ስም እየጠራ ይለምነዋል። ዳኛውን ሁሉም ያናግረዋል፤ እሱም ይመልሳል። አንዱ ደጋፊ «ኦፍሳይድ ነበር!» ብሎ ሲጮህ የመስመር ዳኛው ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሳ «አልነበረም፣ ሁለተኛው ተከላካይ ይዞታል» አለው። ሰውዬው «እሺ» ብሎ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ነገር ትልቁ ስታዲየም ውስጥ የት ይገኛል?

ነፋሱ ከምዕራብ፣ ከፒክ ዲስትሪክት ኮረብታዎች በኩል ይመጣል። ከፍ ያለ ኳስ ይይዝና ያዛባል። እንግዶቹ ይህን አላወቁም፣ ባለሜዳዎቹ ያውቃሉ። ቢሆንም ቀድመው ያገቡት እንግዶቹ ናቸው። ቀጭኑ የክንፍ ተጫዋች ሁለት ሰው አልፎ መሬት ለመሬት አሻገረ፤ አጥቂው በእግሩ ጫፍ ነካትና ገባች። ከበሮው ተመታ። እኔም አጨበጨብኩ። ገለልተኛ ስትሆን ለሁሉም ማጨብጨብ ትችላለህ። ቀጭኑ ልጅ ኳስ ይችላል፣ አለቀ።

እረፍት ሆነ። ሻይ ቤቷ ጋ ወረፋ ያዝን። በስጋ የተሞላ ፓይ ከተፈጨ አተር ጋር ይሸጣሉ። ላዩ ላይ ሄንደርሰንስ የሚባል ጥቁር ማባያ ያፈሱበታል፤ የሼፊልድ ሰው ያለሱ አይበላም፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ እዚሁ ከተማ ይሠራል። ኮምጠጥ ይላል፣ ቅመሙ ደህና ነው። ጓደኛዬ ሚጥሚጣ ቢኖር አለ። አንዲት ሴትዮ የሎተሪ ቁራጭ ይዘው በየሰዉ ይዞራሉ። ከሚሰበሰበው ግማሹ ለአሸናፊው ነው፣ ግማሹ ለክለቡ። ገዛን። አልወጣልንም።

ጓደኛዬ ፓዩን እየበላ ሰዉን ያያል። ከዚያ ድንገት «ካታንጋን አስታወሰኝ» አለ። ልጅ ሳለን አዲስ አበባ ስታዲየም አብረን የቆምንበት ነው። ወሬያችን ወደ አገር ቤት ዞረ። የኛ ፕሪሚየር ሊግ በእኛ አቆጣጠር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድኖቹን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ነው የሚያጫውተው። ለቴሌቪዥን ስርጭት እንደሚመች ይገባኛል፤ ብቁ ሜዳም በየከተማው የለም። ግን የአርባ ምንጭ ሰው ቡድኑን በአካል ለማየት ድሬዳዋ ወይም አዳማ መሄድ ካለበት ቡድኑ የማን ነው? ሳንዲጌት ቆሜ ይሄ ነገር አንገበገበኝ። እዚህ ያለው ሣር ከኛ ከተማ ሜዳ ብዙ አይበልጥም። ያለው ጥላ አንድ ትንሽ ነው። ግን ሰዉ ከቤቱ በእግሩ መጥቶ የሰፈሩን ልጅ ያያል። እኛም ለየከተማው መጀመሪያ የሚያስፈልገን ይሄ ነው፤ ሠላሳ ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሳይሆን አጥር፣ ጥሩ ሣር፣ የታወቀ ሰዓት።

ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ሲል ደጋፊው ሁሉ ቦታ ቀየረ። የታችኛው ሊግ ልማድ ነው። ቡድንህ ወደሚያጠቃበት ግብ ኋላ ትሄዳለህ። የባለሜዳው ደጋፊ በአንድ በኩል፣ የእንግዳው በሌላ በኩል ይዞራል። መሀል መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ፖሊስም ወታደርም የለም። ብዙዎቹ ቢራ ይዘዋል። ከ1985 ጀምሮ በላይኞቹ ሊጎች ሜዳው በሚታይበት ቦታ መጠጣት በሕግ ክልክል ነው፤ እዚህ ታች ግን ይፈቀዳል።

እኛም ከሰዉ ጋር ዞርንና ከእንግዳው በረኛ ኋላ ቆምን። ወጣት ልጅ ነው፣ ከሃያ አይበልጥም። የሃላም ልጆች ጎኑ ቆመው ይነዘንዙታል፤ «ጓንትህ ትልቅ ነው!» ምናምን። እሱም ኳሱ ሩቅ ሲሆን ዞር ብሎ ያወራቸዋል። የጓደኛዬ ልጅ «ሥራህ ምንድነው?» ብሎ ጠየቀው። «የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ እየተማርኩ ነው» አለው። ከዚያ «ጠብቀኝ» ብሎ ሮጦ ወጥቶ አንድ ረጅም ኳስ በቡጢ መትቶ ተመለሰ።

ባለሜዳዎቹ ተጫኑ። አንዷ ኳስ አጥሩን ዘላ ሰፈር ውስጥ ገባች፤ ሁለት ልጆች ሊያመጧት ሮጡ። ከዚያ የማዕዘን ምት ተገኘ። የማዕዘን ምት ከዚሁ ከተማ የወጣ ነገር ነው። የለንደኑ የእግር ኳስ ማኅበር ሕግና የሼፊልድ ሕግ በ1877 እስኪዋሃዱ ድረስ ሼፊልድ በራሱ ሕግ ነበር የሚጫወተው። ኮርናውም፣ የግቡ አግዳሚም፣ ለጥፋት የሚሰጠው ቅጣት ምትም ከሼፊልድ ሕግ የመጡ ናቸው። ኳሱ ተሻማ። ነፋሱ ያዘው። በረኛው አንድ እርምጃ ወጣ፣ አመነታ። ቁመተ ረጅሙ ተከላካይ ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ ገጨው። ጎል! አጥሩ ተንቀጠቀጠ። ጓደኛዬ የማያውቃቸውን ሽማግሌ አቅፎ ይዘላል። አርሴናል ሁለት ማግባቱን የሚናገረው መልእክት ኪሱ ውስጥ ነው፤ አላየውም።

1 ለ 1። መጨረሻ ላይ፣ ጭማሪ ሰዓት ውስጥ፣ የሃላሙ አጥቂ ብቻውን ከበረኛው ጋር ተገናኘ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ወደ ቀኝ መታት። በረኛው ወደቀ፣ በጣቱ ጫፍ ነካት፣ ቋሚውን መታ ወጣች። ለአፍታ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ሲነዘንዙት የዋሉት የሃላም ደጋፊዎች አጨበጨቡለት። ሽማግሌው «ጎበዝ ልጅ፣ ጎበዝ!» አሉት። ተነስቶ ጭቃውን እየጠረገ ፈገግ አለ። ፊሽካው ተነፋ።

ከጨዋታው በኋላ ክለቡ ቤት ውስጥ ሁለቱም ቡድን አንድ ክፍል ገብቶ ይበላል። በረኛው ሳህኑን ይዞ በእኛ በኩል ሲያልፍ ለልጁ እጁን ዘረጋለት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ያን እጁን አልታጠበም፤ እናቱ ማታ ተቆጣችው።

እሁድ

ጠዋት የዌንስዴይ ሜዳ ወደሆነው ሂልስቦሮ ሄድን። ጓደኛዬ አደርስሃለሁ ብሎ በመኪናው ወሰደኝ። በሚያዝያ 15 ቀን 1989 በሊቨርፑልና በኖቲንግሃም ፎረስት ጨዋታ በተፈጠረው መጨናነቅ 97 ሰዎች የሞቱበት ነው። ከስታዲየሙ ውጭ መታሰቢያ አለ፤ አበባና ሻርፕ አይጠፋበትም። ብዙ አላወራንም። ሟቾቹ ኳስ ለማየት የሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ገና ወጣቶች። ቤተሰቦቻቸው እውነቱ እንዲወጣ ለአሥርት ዓመታት ታግለዋል። ትላልቆቹ የእንግሊዝ ስታዲየሞች ሙሉ በሙሉ ወንበር የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ድሮንፊልድ። ከሼፊልድ በስተደቡብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሼፊልድ ኤፍሲ ከ2001 ጀምሮ እዚህ ነው የሚጫወተው፣ ከአንድ መጠጥ ቤት አጠገብ። ዛሬ ጨዋታ የለም፤ በሩ ተዘግቷል። በአጥሩ አጮልቀን አየን። የዓለም አንጋፋው ክለብ በስሙ በሚጠራበት ከተማ ውስጥ ሜዳ የለውም። በ2004 ፊፋ የክብር ኒሻን የሰጠው ለሁለት ክለቦች ብቻ ነው፤ ለሪያል ማድሪድና ለዚህ። በ2011 ደግሞ የመጀመሪያዎቹን የሕግ ሰነዶቹን ለንደን ውስጥ በጨረታ ሸጠ፤ 881,250 ፓውንድ አወጡ። ክለቡን ለማቆየት ነው የሸጠው። በጣም አዘንኩ። ወደ ከተማው የመመለስ ዕቅድ እንዳለው አውቃለሁ፤ እንዲሳካለት ከልቤ እመኛለሁ።

ከሰዓት በኋላ ባቡር ያዝኩ። ዳርቢን አልፈን ሳንጨርስ ስልኬ ጠራ። ጓደኛዬ ነው።

«ሃላም ማክሰኞ ማታ እዚያው ሜዳ ላይ ጨዋታ አለው» አለኝ።

«አንተ ማክሰኞ የሌሊት ተረኛ አይደለህም እንዴ?»

«ቀየርኩ። ልጁ ሻርፕ ይገዛልኝ ብሎ እንቢ አለኝ፤ ማክሰኞ እገዛለታለሁ።»